ጠበኞችን እንዲዋደዱ አድርጎ መጻፍ

የፋን ፊክሽን (አድናቂዎች በሚወዱት ታሪክ ገጸ ባሕርያት የሚጽፉት ልቦለድ) አንባቢ ባላንጣዎች ሲዋደዱ ማንበብ የሚወደው ጠቡን ከዋናው ታሪክ ስለሚያውቀው ነው፤ የጎደለው እርቁ ብቻ ነው። ስለዚህ እርቁን አታቻኩሉት።

መጀመሪያ የጠቡን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አይዋደዱም» አይበቃም፤ «ወንድሟን አሳስሮባታል» ይበቃል። ቀጥሎ ሳይወዱ በግድ የሚቀራረቡበትን ትዕይንት አስገቡ፦ ቁስሏን ሲያስርላት ቀና ብሎ አያያትም፤ እሷም አታመሰግነውም።

በእንግሊዛዊቷ ደራሲ በጄን ኦስተን የ1813 (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ዳርሲ ባላንጣውን ኤልሳቤጥን ለጋብቻ የሚጠይቃት ከ61 ምዕራፎች በ34ኛው ነው፤ እምቢ ትለዋለች። እሺታዋ የሚገኘው በ58ኛው ነው። አንባቢን ቀስፈው የሚይዙት በመሃል ያሉት 23 ምዕራፎች ናቸው።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ይቅርታው ላይ ነው። በዳዩ በአፉ ብቻ ከታረቀ ማንም አያምነውም፤ የሚወደውን ነገር ይክፈል። ድብደባ ከገባበት ግን፣ በእኛ እምነት፣ ባያጣምሯቸው ይሻላል።