ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ እንቅስቃሴውና መርፌው

የጭንን አጥንትና የቅልጥምን አጥንት ከውስጥ አስሮ የሚይዘው የፊት መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከቋንጃ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት ወስዶ ይተካዋል። የተተካው ጅማት ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድና እስኪጠነክር ድረስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ወራት ጉልበቱን የሚመልሰው በየቀኑ ሳይታክቱ የሚሠሩት የእንቅስቃሴ ሕክምና ሲሆን፣ አኩፓንክቸር የሚባለው የመርፌ ሕክምና ሕመሙን በማስታገስ ያግዘዋል። ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አድርገው ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ወልድያ ለሚመለሱ ሰዎች ነው፤ እኔም በዚያው መንገድ የተመለስሁ ነኝ።

ጥንቃቄው ከጉዞው ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ እግር አጥፎ ያን ያህል መቀመጥ በባት ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ እግርዎን መዘርጋት የሚችሉበት ወንበር ይያዙ፤ በየሰዓቱ መውረድ ባይቻል እንኳ በተቀመጡበት ቁርጭምጭሚትዎን ደጋግመው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በጉዞው ላይም ሆነ ከዚያ በኋላ ባትዎ አብጦ ከታመመ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉም የሚቀድመው ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። ቤተሰብ አዝኖ ከጉልበት ሥር ትራስ ያደርጋል፤ ታማሚውም ይመቸዋል፤ ነገር ግን ታጥፎ የሰነበተ ጉልበት እንደታጠፈ ይደርቃል፣ ሰውየውም እያነከሰ ይቀራል። በትራሱ ፈንታ ጋቢ ጠቅልለው ከተረከዝዎ ሥር ያድርጉና ጉልበትዎ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድ ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ ይህንም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት።

ቀጥሎ የሚሠራው የፊት ጭንን ጡንቻ ማንቃት ነው። እግርዎን ዘርግተው ጉልበትዎን ወደ ፍራሹ ይጫኑ፤ የጭንዎ ጡንቻ ሲጠነክር አምስት ሰከንድ ያህል ይያዙና ይልቀቁ፤ አሥር ጊዜ ይድገሙ። ሲነገር ቀላል ቢመስልም በሦስተኛው ቀን ስሞክረው ጭኔ ፈጽሞ አልታዘዝ አለኝ። እናቴ መዳፏን ጭኔ ላይ አሳርፋ እየጠበቀች፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ «አሁን ነዘር አለ፣ በርታ ልጄ» ያለችኝን ቀን አልረሳውም። እንዲህ የሚሆነው በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው እብጠት ወደ ጡንቻው የሚሄደውን የነርቭ ትእዛዝ ስለሚያፍነው ነው፤ ስለዚህ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መያዝ የእንቅስቃሴው አካል ነው። ቁስሉን ግን ውኃ እንዳይነካው ይጠንቀቁ።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሰው ነው፤ ሆኖም አዲሱ ጅማት በአጥንት ውስጥ በተቦረቦረ ቀዳዳ ተሰክቶ የታሰረ ስለሆነ፣ ጉልበቱን መሳብ፣ መጠምዘዝም ሆነ በቅቤ ማሸት ሥራውን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች በቅንነት ቢገፋፉዎትም በትሕትና እምቢ ይበሉ።

ሐኪምዎ ሌላ ገደብ ካልሰጠዎት በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 90 ዲግሪ፣ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ 120 ዲግሪ ያህል ማጠፍ የተለመደ ግብ ነው፤ ተረከዝዎን መሬት ላይ እያንሸራተቱ ወደ መቀመጫዎ በማቅረብ ይለማመዱት። በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለው ልም አጥንት (ሜኒስከስ) አብሮ ተሰፍቶ ከሆነ ግን ማጠፉም ክብደት መጣሉም ይዘገያል። ክራንች የሚተወው እግርዎን ዘርግተው ሲያነሡ ጉልበትዎ ሳይታጠፍ ሲቀርና ሳያነክሱ መራመድ ሲችሉ ነው። በእነዚህ ወራት ቡና ሲጠጡ ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይምረጡ፤ ሶላትም ሆነ ጸሎት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድርሱ፤ ተንበርክኮ መስገዱን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲፈቅድ ቀስ በቀስ ይጀምሩታል።

እጅግ የምፈራው ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ነው። ሕመሙ ጠፍቶ፣ እብጠቱ ጎድሎ ሰውየው ድኛለሁ የሚልበት ይህ ወቅት፣ የተተካው ጅማት ውስጡን እያደሰ ስለሚቆይ ገና ደካማ የሆነበት ነው። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በጥቂቱ ዝቅ ማለት፣ አንድ ደረጃ መውጣትና በአንድ እግር መቆም በዚህ ጊዜ ይሠራሉ፤ መሮጥ፣ መዝለልና ድንገት መዞር ግን አይቻልም። በደሴ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ጉልበትን ይፈትናል፤ የጦሳ ተራራን ግርጌ ይዘው ከሚወርዱ ሰፈሮች ይልቅ ሜዳማ መንገድ ፈልገው ይራመዱ፤ በዚህ ረገድ ኮምቦልቻ ይመቻል።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን ሲመጡ ስለቆዩ አኩፓንክቸር ለብዙዎች እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም ከዋግምት ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። ዋግምት ቆዳ በጥቶ ደም ይስባል፤ አኩፓንክቸር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ መርፌ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ሰክቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆያል። ብዙ ጊዜ ከሚመረጡት ነጥቦች አንዱ ዙሳንሊ ይባላል፤ ከሎሚው የታችኛው ጠርዝ አራት ጣት ወርዶ፣ ከቅልጥሙ አጥንት አንድ ጣት ወደ ውጭ ይገኛል። ሕመምን በመጠኑ ሊያስታግስ ቢችልም ጅማቱን ፈጥኖ እንደሚያጠነክር የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባልዎትን አይመኑ።

መርፌውን ቁስሉ ሳይደርቅና ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አይጀምሩ። ባለሙያው ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን መርፌ ፊትዎ ከማሸጊያው እንዲያወጣም ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምና በተደረገለት መገጣጠሚያ ውስጥ ጀርም ከገባ አደጋው ከባድ ስለሆነ መርፌው ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ ይሰካ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ። ሕመሙ በቀለለበት ቀን ከታዘዘልዎት እንቅስቃሴ አይለፉ። መለኪያው የነገው ጠዋት ነው፤ በልብስ ሰፊ ሜትር የጉልበትዎን ዙሪያ በሎሚው መካከል ይለኩና ይመዝግቡ፤ ከትናንቱ ከጨመረ ሥራውን ይቀንሱ።

ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ የሚቸኩል ወጣት በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ቢያውቅ መልካም ነው፤ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳቱ መጠን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ዘጠኝ ወር ከሞላ በኋላም ቢሆን የተጎዳው እግር የጡንቻ ጥንካሬውም ሆነ የአንድ እግር ዝላዩ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱ በባለሙያ ተለክቶ ይታይ፤ ካልደረሰ ሌላ ወር ይሠራና እንደገና ይለካ።