የጎልፍ ጀማሪዎች ለምን ይቀሩብን ነበር?

በክለባችን የጀማሪዎችን የሥልጠና ዕቅድ የማወጣው እኔ ነኝ። ሰው ይመዘገባል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይጠፋል። በጣም ያሳስበኝ ነበር።

ለካ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው! በመጀመሪያው ቀን ድራይቨር (ኳስ በጣም ርቆ የሚመታበትን ረጅሙን የጎልፍ ዱላ) እናስይዛቸዋለን፣ ኳሷን ይስቷታል፣ መዳፋቸው ይላጣል፣ ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ገለበጥኩት። አሁን ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ርቀን በፓተር (ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ጉድጓዱ በምናንከባልልበት ዱላ) እንጀምራለን፤ ኳሷ ገብታ ቀጭ ስትል ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ ብታዩ! ደግሞም ፓር (ጎበዝ ተጫዋች ሜዳውን ይጨርስበታል ተብሎ የሚታሰበው የምት ብዛት) 72 በሆነ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 2 ፓት (የፓተር ምት) ስለሚታሰብ፣ 36ቱ ምት እዚያው ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ በጣም ያጠረ ቦታ) ላይ ነው። ከዚያ ቺፕ (ከግሪኑ አጠገብ የሚመታ አጭር ምት)፣ ቀጥሎ አይረን (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን ባለ ብረት ጭንቅላት ዱላ)፣ ድራይቨር መጨረሻ።

ቡድኑንም ከ12 ሰው ወደ 5 አወረድኩት፤ አሠልጣኙ የእያንዳንዱን የዱላ አያያዝ ማየት አለበት። በአራተኛው ሳምንት ሜዳ ወጥተው 3 ጉድጓድ ይጫወታሉ። ባለፈው ዙር የቀረብን አንድ ሰው ብቻ ነው።