የመኪና ውስጥ እድፍንና ሽታን የሚያባብሱ ስህተቶች

የመኪና መቀመጫ ጨርቅ ስስ ነው። ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ግን የደረሰበትን ፈሳሽ ሁሉ መጥጦ ያስቀራል። ላዩን ጠርገው «ጸዳ» ያሉት መቀመጫ ከቀናት በኋላ በር ሲከፈት የሚገማው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች ከማነሣቸው ስህተቶች የሚበዙት ላዩን አክሞ ውስጡን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

መፈተግ

ቡና ሲደፋ ሁሉም ጨርቅ አንሥቶ መፈተግ ይጀምራል። ፍትጊያ እድፉን ወደ ጎን ያሰፋዋል፣ ወደ ስፖንጁ ይገፋዋል፣ የጨርቁንም ገጽ ያሻክራል። የሚሠራው መጫን ነው። ንጹሕ ነጭ ፎጣ እጥፍ አድርገው በመዳፍዎ ሙሉ ክብደት ጥቂት ሰከንድ ይጫኑት፣ ያንሡት፣ ደረቁን ገጽ አዙረው ይድገሙት። ከእድፉ ዳር ጀምረው ወደ መሐል ይግቡ። በፎጣው ላይ የሚቀረው ቡናማ ምልክት በየዙሩ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ምልክቱ ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ ወደ ማጽጃ ይሻገሩ። ፎጣው ነጭ ይሁን የምለው ባለቀለም ጨርቅ ሲረጥብ የራሱን ቀለም መቀመጫው ላይ ሊለቅ ስለሚችል ነው። እርጎን ወይም ትውከትን አስቀድመው በማንኪያ ጠርዝ ያንሡ። ጭቃ ግን እስኪደርቅ ይታገሡት፤ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ይራገፋል።

በሙቅ ውሃ መጀመር

ወተት፣ ደም፣ እንቁላልና ትውከት ፕሮቲን አላቸው። ፕሮቲን ደግሞ እንቁላል መጥበሻ ላይ እንደሚረጋው ሙቀት ሲያገኘው ይረጋል፤ ከጨርቁ ክሮች ጋርም ይጣበቃል። ለእነዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠቀሙ።

ወተት ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ለብቻው ማንሣት ይገባኛል። ስፖንጁ ውስጥ የገባውን ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ቅባቱና ፕሮቲኑ ሲፈርሱ የሚወጡት አሲዶችና ጋዞች ናቸው ያንን የኮመጠጠ ግማት የሚፈጥሩት። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ይብሳል። ሳሙና ብቻውን እምብዛም አይረታውም። ኢንዛይም (ፕሮቲንንና ቅባትን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው ማጽጃ ያስፈልጋል፤ እርሱም ወተቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ መግባትና በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቶሎ እንዳይደርቅ ላዩን በፕላስቲክ መሸፈን ይረዳል። በቦታው ላይ በረኪና ካለ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይበላሻል።

በውሃ ማጥለቅለቅ

በመቀመጫ ሥር የኤርባግና የተሳፋሪ መኖርን የሚለዩ መሣሪያዎች ገመዶችና ማያያዣዎች ያልፋሉ። በባልዲ የተደፋ ውሃ እዚያ ይደርሳል። የረጠበ ስፖንጅም ከላይ ደርቆ ከታች እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ሻጋታም ያበቅላል። ስለዚህ ማጽጃውን በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይጠቀሙ፤ ውሃ መሳብ የሚችል ማሽን ካለ እርጥበቱን ይምጠጡበት፤ ከዚያ በሮቹን ከፍተው ነፋስ ያስገቡ፤ ማራገቢያ ቢጨመር ይመረጣል። የወለሉ ምንጣፍ ከረጠበ ላዩን ዳስሰው አይመኑ። ጠርዙን ከፍ አድርገው ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ይንኩ፤ እርሱ ውሃ ይዞ ለብዙ ቀናት ይቆያል።

ሽታን በሽቶ መሸፈን

ሽቶ የሽታውን ምንጭ አያጠፋም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ከመጀመሪያው የባሰ ነገር ይፈጥራሉ። ምንጩን በአፍንጫ ይፈልጉ፦ ጎንበስ ብለው መቀመጫ በመቀመጫ፣ በመቀመጫው ሐዲድ መካከል፣ በስኮርታ ጎማው ማስቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ። ቤኪንግ ሶዳ በደረቀ ጨርቅ ላይ ነስንሶ አሳድሮ በማሽን መሳብ ቀለል ያለ ሽታን ይቀንሳል፤ ስፖንጅ ውስጥ የገባውን ግን አይደርስበትም።

ሽታው የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ መቀመጫውን ማጠብ ድካም ነው። የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ፤ በብዙ መኪናዎች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ መሳቢያ ጀርባ ይገኛል። የማቀዝቀዣው ውስጣዊ ክፍል እርጥብ ሆኖ ሲዘጋ ሻጋታ ይይዛል፤ ከመድረስዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ቅዝቃዜውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ ቢተዉት ይደርቃል።

የሲጋራ ሽታ የጣሪያውን ጨርቅ ይይዛል። እዚያ እጅዎ ቀላል ይሁን፤ ጣሪያው በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ከራሰ ተላቆ ይንጠለጠላል።

ያገኙትን ማጽጃ ሁሉ መቀላቀል

በዚህ ላይ ምንም ማመቻመች የለም። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ፣ አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን ይወጣል። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ፤ መኪና ደግሞ ጠባብ ነው። በረኪና የደህንነት ቀበቶን ድርና ማግ ያዳክማል፤ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ለስላሳ ሳሙና ባለው ውሃ ይጥረጉት፤ ሳይደርቅም እንዲጠቀለል አይተዉት። ማንኛውንም አዲስ ማጽጃ በማይታይ ቦታ አስቀድመው ይሞክሩት፤ በተለይ መቀመጫው ቆዳ ከሆነ።

ሽታ ሁሉ ከፈሰሰ ነገር የመጣ ነው ብሎ ማሰብ

ጣፋጭ ሽታ መጥቶ የፊት መስታወቱ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነ የማሞቂያው ራዲያተር ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ኩላንት መርዛማ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት አይቅረቡት። በእግር ማሳረፊያው ላይ ምንም ሳይደፋ ውሃ ከተገኘ ደግሞ የማቀዝቀዣው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ።

ቤንዚን መኪናው ውስጥ ከፈሰሰ በአቧራ መሳቢያ ማሽን አይሞክሩት፤ የማሽኑ ሞተር ብልጭታ እንፋሎቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል። በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ እሳት ያርቁ፣ በጨርቅ ይምጠጡ፣ ጨርቁንም ከመኪናው አውጥተው ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት። ምንም ሳይፈስ የቤንዚን ሽታ ከመጣ መኪናውን አያስነሡ፤ መካኒክ ካለበት ድረስ ይምጣ።