ሞጁሉ የት ገባ? በጁምላ ይዘትን ቦታ ቦታው ላይ ማስቀመጥ

ሞጁሉን፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ የይዘት ሳጥን፣ ሠርታችሁ ሴቭ አድርጋችኋል፤ ገጹ ላይ ግን የለም። ጁምላ (Joomla) በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ሁሉ ይሄ ይገጥመዋል። ብዙ ጊዜ ጣጣው ከ«ፖዚሽን» ነው። ፖዚሽን ማለት ቴምፕሌቱ (የድረ ገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ንድፍ) ለአንድ ባዶ ቦታ ያወጣለት ስም ነው። ሞጁሉ የያዘውን ስም ቴምፕሌቱ ካላወቀው ዝም ብሎ ያልፈዋል። የስህተት መልእክት እንኳ አያወጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታዎቹን በዓይናችሁ እዩ። በጁምላ የአስተዳዳሪ ገጽ ከሲስተም ወደ ሳይት ቴምፕሌት ስታይልስ ግቡ፤ ኦፕሽንስ ውስጥ የሞጁል ቦታዎችን ቅድመ እይታ አብሩ። ከዚያ በድረ ገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ቲ እና ፒ፣ የእኩል ምልክትና 1 ጨምሩ። ቦታዎቹ ከነስማቸው ይታያሉ። ስትጨርሱ አጥፉት፤ ካልጠፋ ጎብኚም ማየት ይችላል።

ቀጥሎ ከኮንቴንት፣ ሳይት ሞጁልስ ከፍታችሁ አዲስ ሞጁል ፍጠሩ፤ ቦታውንም ከዝርዝሩ ምረጡ። በእጅ አትጻፉት። ሳጥኑ ያገኘውን ስም ሁሉ ይቀበላል፣ የተሳሳተውንም ጭምር።

ቦታው ልክ ሆኖም ካልታየ ሜኑ አሳይንመንት የሚለውን ትር ክፈቱ። ሞጁሉ በየትኞቹ ገጾች እንደሚወጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። «በተመረጡት ብቻ» ተብሎ ምንም ሜኑ ካልተመረጠ የትም አይወጣም።

ዋናው ራስ ምታት የሚመጣው ቴምፕሌት ሲቀየር ነው። በጁምላ 3 የነበረው ፕሮቶስታር የቀኝ ጎኑን «ፖዚሽን-7» ይለው ነበር። በ2021 ከጁምላ 4 ጋር የመጣው ካሲዮፒያ ደግሞ ያንኑ ጎን «ሳይድባር-ራይት» ይለዋል። ሞጁሉ የድሮ ስሙን እንደያዘ ይቀራል፤ አዲሱ ቴምፕሌት አያውቀውም፤ ጎኑ ባዶ ይሆናል። የጠፋ ነገር ስለሌለ ደንግጣችሁ እንደገና መሥራት አትጀምሩ። የሞጁሎቹን ዝርዝር በፖዚሽን አጣሩና የድሮ ስም የያዙትን ምረጡ፤ ባች በሚለው ትእዛዝ በአንዴ ይዛወራሉ። ቴምፕሌት ከመቀየራችሁ በፊት የትኛው ሞጁል የት እንደነበር ወረቀት ላይ ብትጽፉት ደግሞ ሥራው በጣም ይቀላል።

ስልክንም አትርሱ። ካሲዮፒያ ላይ በጠባብ ስክሪን የጎን ቦታዎች ከዋናው ጽሑፍ በታች ይወርዳሉ። አስቸኳይ ማስታወቂያ ጎን ላይ ካስቀመጣችሁት የስልክ አንባቢ ላያየው ይችላል። እኔ እንዲህ ያለውን «ቶፕ-ኤ» ላይ ነው የማደርገው።

የራሳችሁን ቦታ መጨመር ካማራችሁ ሁለት ፋይል ትነካላችሁ። የቴምፕሌቱ ኤክስኤምኤል ፋይል ስሙን ምርጫው ውስጥ ያስገባዋል፤ ገጹ ላይ የሚያወጣው ግን ኢንዴክስ ፒኤችፒ ውስጥ የሚጻፈው መስመር ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሎ ይጠብቃል። ዋናውን ቴምፕሌት ከነካችሁት ደግሞ አፕዴት ሲመጣ ሥራችሁ ይጠፋል። ከጁምላ 4.1 ጀምሮ ቻይልድ ቴምፕሌት፣ ማለትም ከዋናው የሚወርስ የራሳችሁ ቴምፕሌት፣ አለ፤ ለውጡን እዚያ አድርጉት።