ሲሊከንን በመዳብ ስትለብጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሲሊከን ላይ በኤሌክትሪክ የለበጣችሁት መዳብ በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ከሆነ የመለበጫ ፈሳሹን ለመቀየር አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ሲሊከኑ ጋ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያበሽቀኝ የጀርባው ኮንታክት ነው፤ ማለትም ሽቦው ከሲሊከኑ ጀርባ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ስንቱን እንዳየሁ! ክሊፑን ቀጥታ ሲሊከኑን ያስነክሱትና ፖቴንሽዮስታቱን (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ያበራሉ። ሲሊከን ብረት አይደለም እኮ! ክሊፑ የነካው ቦታ ራሱ እንደ ዳዮድ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዕቃ) ሆኖ ኤሌክትሮን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ያዘዛችሁት ቮልቴጅ ግማሹ ጀርባው ላይ ያልቅና ፊት ለፊት ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ አትችሉም። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አሲድ መጨመር፣ መዳብ ሰልፌት መጨመር፣ ለውጥ ግን የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጀርባውን በአልማዝ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት። የኢንዲየምና የጋሊየም ቅይጥ ቀቡት፤ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ስለሆነ አያስቸግርም። ሽቦ አያይዙና በኢፖክሲ ድፈኑት። ካልደፈናችሁት ከረንቱ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፣ መዳቡም ሽቦው ላይ ይከማቻል።

ሁለተኛው ኦክሳይድ ነው። ሲሊከን አየር ላይ ሲቆይ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር የሚሆን ኦክሳይድ ይለብሳል። ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት። በተበረዘ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አንሱት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ ወዲያው ወደ ፈሳሹ አስገቡት። ምሳ በልቼ እመለሳለሁ የለም። ሳይለቀለቅ ከቀረ ደግሞ ከረንት ሳትለቁ መዳቡ በራሱ ሲሊከኑ ላይ ይቀመጣል፣ እሱም በደንብ አይጣበቅም።

ይህን አሲድ እባካችሁ ፍሩት። ቆዳ ላይ ሲፈስ ወዲያው ላያም ይችላል፤ ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ የደም ካልሲየምን ያወርዳል፣ ሰው ይገድላል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገባችሁ ከሌለ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ብቻችሁን አትሥሩ። ብርጭቆ ስለሚበላም በፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ።

ሲሊከኑ ፒ-ታይፕ (ነፃ ኤሌክትሮን እጅግ ጥቂት የሆነበት ዓይነት) ከሆነ መብራት አብሩለት፣ ኤሌክትሮኑን የሚያገኘው ከብርሃን ነው። ኤን-ታይፕ (የራሱ ነፃ ኤሌክትሮን በብዛት ያለው ዓይነት) ጨለማ ውስጥም ይለበጣል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ኤን-ታይፕ ላይ ለብጣ፣ መዳቡን መልሳ ለማሟሟት ቮልቴጁን ብትገለብጠው ከረንት አጣች። "ምንም አልተለበጠም" ብላ ናሙናውን ልትጥለው ስትል ደረስኩ። አውጥተን ስናየው ቀይ ነው! መዳቡና ሲሊከኑ ሲገናኙ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መጋጠሚያ ይሠራሉ፤ ለዚህ ነው በጨለማ የማይሟሟው። የከረንቱን ግራፍ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ናሙናውን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉት።