የወይን ፍሬ እንዳይሰነጠቅ፦ የጅብረሊክ አሲድ አበጣበጥና አረጫጨት

ወይን የሚሰነጠቀው ሥሩ ደርቆ ከርሞ ድንገት ውሃ ሲጠግብ ነው። ፍሬው ይነፋል፤ ልጣጩ ግን ቀለም መለወጥ ከጀመረ በኋላ እንደ ልብ አይለጠጥም። ዘለላው ጥቅጥቅ ካለ ደግሞ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይገፋፉና በተነካኩበት በኩል ይቀደዳሉ። ጅብረሊክ አሲድ (የተክል እድገት ሆርሞን) የሚያግዘው ለዚህ ለሁለተኛው ነው፤ ዘለላውን አሳስቶ ለፍሬው ቦታ ይሰጠዋል። ዝናብ ከመጣ በኋላ ቢረጩት ምንም አያድንም።

መጀመሪያ ዝርያውን ለዩ። ይህ አሠራር ዘር ለሌለው ወይን ነው። ፍሬው ውስጥ ዘር ካለ ተዉት፤ ጥቃቅንና ሙሉ የማይሆኑ ፍሬዎች ያበዛል፣ የሚቀጥለውን ምርት የሚሰጠውንም እንቡጥ ይቀንሳል። ዘር ላለው ወይን መቀስ ይሻላል፦ ፍሬው የሽንብራ ያህል ሲሆን ከዘለላው ውስጥ አልፎ አልፎ ቆርጦ ማውጣት።

ቀጥሎ ወቅቱ። ዘለላውን ለማስረዘም የሚረጨው ከአበባ በፊት፣ የአበባው ዘለላ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው፤ መጠኑ ከ5 እስከ 10 ፒፒኤም። ፍሬ ለማሳሳት ደግሞ አበባው ከግማሽ በላይ ሲፈነዳ በተመሳሳይ መጠን ይደገማል። ፍሬ ከያዘ በኋላ ለማወፈር የሚረጨው ከፍ ያለ መጠን ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይሳሳ የወፈረ ዘለላ የባሰ ይጨናነቃል፤ ስንጥቃቱን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልኬቱ ላይ ነው። አንድ ፒፒኤም ማለት በ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ግራም ንጥረ ነገር ነው። ማሸጊያው ላይ 90 በመቶ ካለ 1 ግራም ዱቄት 900 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ 10 በመቶ ካለ 100 ብቻ። ይህን ሳያዩ የሌላውን ሰው ልክ መገልበጥ መጠኑን ዘጠኝ እጥፍ ያዛባል። አንድ ግራም በማንኪያ አይለካም፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል።

ዱቄቱ በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ በቅድሚያ በ20 ሚሊ ሊትር የፋርማሲ አልኮል አሟሙት። ዳግም አረቄ አይተካውም፤ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ከዚያ ውሃ እየጨመራችሁ የ90 በመቶውን 1 ግራም 900 ሚሊ ሊትር አድርሱት። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም አለው። 16 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ ለ5 ፒፒኤም 80 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ፒፒኤም 160 ሚሊ ሊትር ይገባል። ብጥብጡን በዕለቱ ጨርሱ። ከኖራና መዳብ ውህድ ጋር አትቀላቅሉት፤ ኖራው ያፈርሰዋል።

መርጫ አትዋሱ። በጤፍና በስንዴ ማሳ ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ የተረጨበት ከሆነ ቢታጠብም የሚቀረው ቅሪት የወይኑን ቅጠል ያጨማድዳል፣ አበባውንም ያረግፋል።

ጠዋት በማለዳ ወይም ጸሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ዘለላው እስኪረጥብ ርጩ። መጀመሪያ ሁለት ሐረግ ላይ ብቻ ሞክሩ።

ውሃው ካልተስተካከለ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ጎንደር ላይ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል ፍሬው በበጋ እንዲበስል ገረዛውን ከዝናቡ መውጫ በኋላ አድርጉ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሐረጉን ለሳምንት አስጠምቶ በመጣበት ቀን ማጥለቅለቅ ዋነኛው የስንጥቃት ምክንያት ነው። በርሜል ሙሉና በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት አጠጡ፤ ሥሩንም በጭድ ሸፍኑ። የተሰነጠቀውን ፍሬ ወዲያው ከዘለላው ልቀሙ፤ ተርብ ይጠራል፣ ሻጋታውም ወደ ጎረቤቱ ይዘምታል።