ከውጭ ሆናችሁ ሴፕቲክ ታንክ ለምታሠሩ

ለገጣፎ፣ ገላን፣ አያት ጀርባ፣ ቱሉ ዲምቱ ቤት ያላችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። "የፍሳሽ ጉድጓድ ፈቃዱን በማን በኩል ላስጨርስ?" ጥያቄው ፈቃድ ይበል እንጂ ነገሩ ስለ ሰው ነው።

ፈቃዱን በአጭሩ ልጨርስ። መጀመሪያ ቦታችሁ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ እወቁ። አዲስ አበባ ከሆነ በክፍለ ከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው የሚጀመረው። በኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን ቢሮውም ሌላ፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የሚችል ወኪል ብታገኙ ይሻላል። ጉድጓዱ የሳኒተሪ ፕላኑ (የውሃና የፍሳሽ መስመሩ ንድፍ) ላይ መታየት አለበት። ለቆመ ቤት የምታስቆፍሩ ከሆነም አካፋ ከመነሳቱ በፊት ጠይቁ።

ውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይዘጋጃል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ስማችሁን እስከ አያት አጽፉ። ካርታው ላይ አያት አለ፣ የውጭ ፓስፖርታችሁ ላይ የለም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "እኚህ ሌላ ሰው ናቸው" ካለች አለቀ። "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ" የሚል ቃል ካያችሁ አስወጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለጉድጓድ ብላችሁ ቤት የመሸጥ ሥልጣን ምን አስላካችሁ?

አሁን ወደ ሰው። ሁላችሁም የምትፈሩት ሌባ ነው። እኔ የምፈራው ይሉኝታ የያዘውን ሐቀኛ ዘመድ ነው።

እኔ ውጭ ሆኜ ጉድጓዴን ያሠራልኝ የአጎቴ ልጅ አምስት ሳንቲም አያጎድልም። ከታክሲ የተረፈውን እንኳ ይመልሳል። ግንበኛው ግን የእድሩ ሰው ነበር። የጸደቀው ፕላን ሁለት ክፍል ያለው፣ ወለሉ በኮንክሪት የተደፈነ ታንክ ነው። ቆሻሻው መጀመሪያው ክፍል ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ከዚያ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ማስረጊያ። ግንበኛው የሠራው አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉንም "ይስረግ" ብሎ አፈር ተወው። ሲሚንቶው የት እንደገባ እሱ ያውቃል። የአጎቴ ልጅ አፋፉ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ምን ይበል? አጎቴ ሲያርፍ ድንኳን የተከለው ይኸው ሰው ነው። ለእኔ "ሰው አገር ነው ያለው፣ አናስጨንቀው" ተባለና ፎቶ ተላከ። የክዳን ፎቶ። ገና ያልደረቀ፣ ጠርዙ ላይ በሚስማር ዓመተ ምሕረት የተጫረበት።

ክረምት ሲገባ ሞላ። ሰፈሩ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም። መጣጭ መኪና ተጠራ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳይገባ ተመለሰ። ፍሳሹ ወደ ጎረቤት ወረደ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ የሚጠጡት ከእጅ ጉድጓድ ነው። አቤቱታ ገባ፣ ደንብ ማስከበር መጣ፣ ሥራው ከዜሮ ተጀመረ። ግንበኛው ዛሬም እድር ላይ ከአጎቴ ልጅ ጎን ይቀመጣል።

ስለዚህ ዘመዳችሁን ወረቀቱ ላይ ብቻ አቁሙት። ቢሮ ይመላለስ፣ ደረሰኝ ይሰብስብ። ቁፋሮውን የሚያየው እድሩንም ማኅበሩንም የማያውቅ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ መሐንዲስ ይሁን። ለየጉብኝቱ ክፈሉት። ለግንበኛው ራሳችሁ በባንክ ሂሳቡ ከፋፍላችሁ ላኩ። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ታንኩ ውሃ ተሞልቶ ይደር፤ ጠዋት በጉልህ ከጎደለ ያፈሳል ማለት ነው። የመጨረሻው ብር ከዚያ በኋላ ይሄዳል። ዘመዳችሁም ይገላገላል፦ "መሐንዲሱ ካልፈረመ ብር አይለቁም" ብሎ በእናንተ ያሳብባል። ያሳብብ፣ እናንተ ሩቅ ናችሁ።

"ቢሮው ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል ደላላ ይመጣል። የመንግሥት ክፍያ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለውን አትክፈሉ።

ቁፋሮው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይለቅ፤ በዝናብ ግድግዳው ይናዳል። ጉድጓዱንም ጓሮ አትደብቁት። በበሩ በኩል ከሆነ መኪናው ውጭ ቆሞም ቱቦው ይደርሳል።